ቴስታታ ከማስላግዎ፣ ባለ ሁለት ካንዴላ ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ኬንያ ሞያሌ ላይ ሞተር ሳይክል ወይም ያገለገለ መኪና ለመግዛት ወይም ለማሳደስ የሚያስብ ሰው ምክር አያጣም። አንዱ «ባለ ሁለት ካንዴላውን ውሰድ፣ ጉልበቱ ሌላ ነው» ይለዋል። ሌላው «ቴስታታውን ትንሽ አስልገው፣ እንደ አዲስ ይነሣልሃል» ይላል። ዕቃ ሻጩ ደግሞ ባለ አራት እግር ካንዴላ ከመደርደሪያው አውርዶ ያሳየዋል። በሦስቱም ምክሮች ውስጥ እውነት አለ። ሦስቱም የሚዘሉት ግን አንድ ጥያቄ ነው፦ እሳቱ የሚለኮሰው የት ላይ ነው፣ የሚሮጥበትስ ክፍል ምን ይመስላል?

ይህን ጥያቄ ሌላ ከተማ ላይ ሳይጠይቁ ቢያልፉት ሞተሩ ይችልዎ ይሆናል። ሞያሌ ላይ ያስቸግራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ከ1,200 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ሙቀቷም እንደዚያው ነው። ከኢሲዮሎ በማርሳቢት በኩል የሚመጣው መንገድ አስፋልት ከሆነ ወዲህ ደግሞ ተሽከርካሪዎች እንደ ድሮው በኮረኮንች ላይ አይንፏቀቁም። ከሞያሌ ወጥተው፣ ቱርቢን አልፈው ዲዳ ጋልጋሉን እስኪያቋርጡ ድረስ ነዳጅ መስጫው እንደተረገጠ ለሰዓታት ይነዳሉ። ሙቀት፣ ከልክ ያለፈ ጭነት፣ ረጅም ቀጥ ያለ መንገድና ምንጩ የማይታወቅ የጀሪካን ቤንዚን ሲገናኙ የማቃጠያ ክፍሉ ቅርጽ የመማሪያ መጽሐፍ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ፒስተኑ ይቆይ ወይም ይበሳ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው።

እሳቱ ምን ያህል ይጓዛል?

ቤንዚንና አየር ሲሊንደር ውስጥ ተጨምቀው ካንዴላው ሲተኩስ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይፈነዳም። እሳቱ ከካንዴላው ጫፍ ተነሥቶ ክፍሉን እያዳረሰ ይሄዳል። በቦረና የደረቀ ግጦሽ ላይ እሳት መሐል ላይ ቢለኮስ በሁሉም አቅጣጫ ሮጦ ቶሎ ያልቃል፤ ከአንድ ዳር ቢለኮስ ግን ሌላው ዳር እስኪደርስ እጥፍ መንገድ አለበት። ሲሊንደር ውስጥም እንዲሁ ነው። በሰሜን ኬንያ መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየው ቶዮታ ፕሮቦክስ፣ ዋን-ኤንዜድ የሚባለውን 1,500 ሲሲ ሞተር ሲይዝ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 75 ሚሊሜትር ነው። ካንዴላው መሐል ላይ ስለሆነ እሳቱ 37 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ሲጓዝ ግድግዳው ጋ ይደርሳል። ካንዴላው ዳር ላይ ቢሆን ኖሮ ሰባ አምስቱን ሚሊሜትር ሊያቋርጥ ነበር።

ይህ የርቀት ልዩነት የጊዜ ልዩነት ነው። ሞተር በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር አንዱ ዙር የሚፈጀው የሰከንድ መቶኛ ብቻ ነው፤ ቃጠሎው ደግሞ ከዚያ ዙር በጥቂቱ ክፍል ውስጥ፣ ከሁለት ሺህኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መጠናቀቅ አለበት። ግፊቱ ጣሪያ ላይ መድረስ ያለበት ፒስተኑ ጫፍ ነክቶ መውረድ ከጀመረ በኋላ፣ ክራንኩ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ገደማ ሲዞር ነው። እሳቱ ቀርፋፋ ከሆነ ካንዴላው ቀድሞ መተኮስ ይኖርበታል። ቀድሞ ሲተኩስ ደግሞ ገና ወደ ላይ እየወጣ ያለውን ፒስተን ግፊቱ መልሶ ይጫነዋል። ጉልበት ከሚባክንባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። እሳቱ ያልደረሰበት፣ ሩቅ ጥግ ላይ የቀረው ድብልቅ በሚገፋው ግፊት እየተጨመቀ ይግላል። ከልክ በላይ ከጋለ እሳቱን ሳይጠብቅ በራሱ ይፈነዳል። ሾፌሮች «ሞተሩ ያንኳኳል» የሚሉት፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ የሚሰማው የብረት መንጫጫት ይህ ነው። ለአፍታ ተሰምቶ ቢጠፋ ብዙ አይጎዳም። እስከ ማርሳቢት ድረስ ከቀጠለ ግን የፒስተኑን ጠርዝ ይበላል፣ ፋሻው የሚቀመጥበትን ቦይ ይሰብራል፣ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ያቃጥላል። በሞተር ሳይክል ላይ፣ በነፋሱና በማርሚታው ጩኸት መካከል፣ ድምፁ ጭራሽ ላይሰማም ይችላል።

እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሃሪ ሪካርዶ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ለዚህ ችግር ያገኘው መፍትሔ እስከ ዛሬ ይሠራል። በዚያ ዘመን በብዙ ሞተሮች ላይ ቫልቮላዎች ከሲሊንደሩ ጎን ነበሩ፤ ክፍሉ ሰፊና ጠፍጣፋ ስለነበር እሳቱ ይንቀራፈፋል፣ ጥጉ ያንኳኳል። ሪካርዶ ክፍሉን በቫልቮላዎቹና በካንዴላው አካባቢ ሰብሰብ አድርጎ፣ ከፒስተኑ በላይ ያለውን ሩቅ ወገን ዝቅ አደረገውና ስስ ክፍተት ብቻ አስቀረ። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ በዚያ ክፍተት ያለው ጋዝ ተጨፍልቆ ወደ ካንዴላው ይወነጨፋል፤ ነውጡ እሳቱን ያፈጥነዋል። በክፍተቱ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ጋዝም በሁለት ቀዝቃዛ ብረቶች መካከል ስለሚሆን ቶሎ አይግልም። ይህ ስስ ክፍተት በብዙ ቴስታታዎች ላይ ዛሬም አለ። ስለ ማስላግ ስንነጋገር ስለምንመለስበት ልብ ይበሉት።

የእርስዎ ሞተር የትኛው ነው?

ቦዳቦዳ የሚሠሩት ባጃጅ ቦክሰርና የቲቪኤስ ሞተሮች በአብዛኛው ሁለት ቫልቮላ ያላቸው ናቸው። ሁለቱ ትልልቅ ቫልቮላዎች መሐሉን ስለሚይዙት ካንዴላው ወደ ጎን ይገፋል፤ እሳቱም ከዳር ይነሣል። በትንሽ ሞተር ላይ ይህ ያን ያህል አያስፈራም። የባለ 150 ሞተር የሲሊንደር ስፋት 56 ወይም 57 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ መንገዱ አጭር ነው። ነገር ግን በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር ነውና፣ ሦስት ሰው ከነጓዙ ጭኖ ሲወጣ ቴስታታው ከመኪና ቴስታታ ይልቅ ይግላል።

አራት ቫልቮላ ያላቸው የጃፓን መኪኖች፣ ፕሮቦክስን ጨምሮ፣ ክፍላቸው የቤት ጣሪያ ቅርጽ አለው። ቫልቮላዎቹ በሁለት ተዳፋት ላይ ተደርድረው መሐሉን ለካንዴላው ይለቁለታል። የሚገባው አየርም እየተገለበጠ ስለሚገባ እሳቱን ያራግበዋል። ይህ ቅርጽ ዛሬ በመኪና ዓለም የገነነው ለጌጥ አይደለም። ብዙ አየር ያስገባል፣ የእሳቱን መንገድ ያሳጥራል፣ ከፍ ያለ ኮምፕሬሽንም ይችላል።

ከድሮዎቹ ውስጥ ሽብልቅ የሚመስል ክፍል ያላቸው አሉ፤ ቫልቮላዎቹ በአንድ ረድፍ ተጋድመው ካንዴላው በወፍራሙ ወገን ይቀመጣል። እነዚህ ጥሩ ሞተሮች ናቸው፤ ለመጥፎ ቤንዚን ያላቸው ትዕግሥት ግን የሚመጣው ኮምፕሬሽናቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ነው። ያን ትዕግሥት በቶርኖ ቤት ሊያጠፉት ይችላሉ።

ሁለት ካንዴላ ለምን ተፈለገ?

መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ያደረገበት ሲ-47 አውሮፕላን ሁለት ሞተር ነበረው። እያንዳንዱ ሞተር 14 ሲሊንደር፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አለው፤ በጠቅላላው 56 ካንዴላ ማለት ነው። ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንዱ ደኅንነት ነው፦ አንዱ የማቀጣጠያ መስመር ቢሞት ሌላው አውሮፕላኑን ያደርሳል። ሌላው የርቀት ጉዳይ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 140 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በዚያ ስፋት ላይ ከአንድ ዳር የተነሣ እሳት በጊዜ አይደርስም። ስለዚህ ከሁለት ዳር ለኩሰው መሐል ላይ እንዲገናኝ አደረጉት።

በመንገድ ላይ ከሚያገኟቸው ውስጥ ይህን ሐሳብ በደንብ የሠራበት በ2001 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የመጀመሪያው ሆንዳ ፊት ነው። 1,300 ሲሲ የሆነው አይ-ዲኤስአይ ሞተሩ በአንድ ሲሊንደር ሁለት ቫልቮላ ብቻ ነው ያለው፤ ካንዴላው ግን ሁለት ነው፣ በአራት ሲሊንደር ስምንት። ሁለቱ ካንዴላዎች ትይዩ ሆነው በሁለት ጎን ተቀምጠው፣ እንደ ሞተሩ ፍጥነትና ጭነት አንዳንዴ አብረው አንዳንዴ ተከታትለው ይተኩሳሉ። ክፍሉም የተሰበሰበ ነው። በዚህ ምክንያት ኮምፕሬሽኑ 10.8 ደርሶ ሳለ በተራ ቤንዚን ሳያንኳኳ ይሄዳል። ልብ ይበሉ፦ ሆንዳ ሁለተኛውን ካንዴላ ያስገባው ለፍጥነት አይደለም። በዝቅተኛ ዙር ላይ ጉልበትና የነዳጅ ቁጠባ ፈልጎ ነው። ለፍጥነት ያሰበውን የ1,500 ሲሲ ሞተር የሠራው በአራት ቫልቮላና በአንድ ካንዴላ ነው።

ባጃጅም በ2003 (እ.ኤ.አ.) ፑልሳር ላይ ዲቲኤስ-አይ ብሎ ሁለት ካንዴላ ያስገባው በሁለት ቫልቮላ ሞተር ላይ ነው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ፑልሳር ኤንኤስ200 እንዲያውም አራት ቫልቮላና ሦስት ካንዴላ አለው። ይህ ሐሳብ ለገበያ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለማየት ዛሬ በሞያሌ ጎዳና ላይ ጎን ለጎን የሚቆሙትን ሁለት ስሞች ያስቡ። ቲቪኤስ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ፍሌም የተባለውን ባለ ሦስት ቫልቮላና ባለ ሁለት ካንዴላ ሞተር ሳይክል ሲያቀርብ ባጃጅ «የፈጠራ መብቴ ተነካ» ብሎ ከሰሰው። ክርክሩ በማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተጀምሮ በመስከረም 2009 (እ.ኤ.አ.) የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቲቪኤስ የሽያጩን ሒሳብ እየመዘገበ መሸጥ እንዲችል ፈቅዶ፣ የዚህ ዓይነት ጉዳዮች በአስቸኳይ እንዲታዩ አዘዘ። ሁለት ትልልቅ አምራቾች እዚያ ድረስ የሄዱት ለአንዲት ትንሽ ካንዴላ ሳይሆን በትንሽ ሲሊንደር ውስጥ የእሳቱን መንገድ የሚያሳጥር አቀማመጥ የማን እንደሆነ ለመለየት ነው።

እንግዲህ «ባለ ሁለት ካንዴላ ልግዛ?» ለሚለው የእኔ መልስ ይህ ነው። ሁለት ቫልቮላ ባለው ሞተር ላይ ሁለተኛው ካንዴላ እውነተኛ ጥቅም አለው፦ ቃጠሎው ይፈጥናል፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር አይንተፋተፍም፣ ታይሚንጉ ያን ያህል መቅደም አይኖርበትም። ካንዴላው መሐል ላይ በተቀመጠበት ባለ አራት ቫልቮላ ሞተር ላይ ግን አንዱ ካንዴላ ሥራውን ስለሚሠራ የቁጥር ብልጫው ገንዘብ አያወጣም። ጃጓር በ1981 (እ.ኤ.አ.) የመሐንዲሱን የማይክል ሜይን የክፍል ቅርጽ በአሥራ ሁለት ሲሊንደር ሞተሩ ላይ ሲያስገባ ኮምፕሬሽኑን 12.5 ያደረሰው በሲሊንደር አንድ ካንዴላ ብቻ ይዞ ነው። ሥራውን የሠራው ቅርጹ ነው።

ባለ ሁለት ካንዴላ ሲገዙ ግን አንድ የተደበቀ ነገር አለ። አንዱ ካንዴላ ቢሞት ሞተሩ አይቆምም። ስለዚህ ባለቤቱ ለወራት በአንድ ካንዴላ እየነዳ፣ እሳቱ እጥፍ እየተጓዘ፣ ለምን ነዳጅ እንደበላና ለምን እንደጋለ ሳያውቅ ይኖራል። አብራሪ ከመነሣቱ በፊት አንዱን የማቀጣጠያ መስመር ዘግቶ የሞተሩ ዙር ምን ያህል እንደሚወርድ ያያል፣ ከዚያ ሌላውን። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ፦ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የአንዱን ካንዴላ ኬብል አውልቀው፣ የወለቀውን ኬብል ከሌላ ካንዴላ ጋር አያይዘው ካንዴላውን ከብረት ጋር አስነክተው ያስነሡ፤ ከዚያ አጥፍተው ሌላውን ያውልቁ። ሁለቱም ጊዜ ሞተሩ ተነሥቶ በመጠኑ መድከም አለበት። አንዱን ሲያወልቁ ምንም ካልተለወጠ ያ ካንዴላ ድሮም አይሠራም ነበር ማለት ነው፤ አንዱን ሲያወልቁ ጭራሽ ካልተነሣ ደግሞ ሞቶ የቆየው ሌላኛው ነው። ሆንዳ ፊት ላይ በተለይ ከኋላ፣ ከሾፌሩ ፊት ካለው ግድግዳ ጋር የተጠጉትን አራቱን ካንዴላዎች ያስወጡና ይዩ። ለእጅ ስለማይመቹ ከፊት ያሉት አራቱ ብቻ ተቀይረው የኋላዎቹ ሳይነኩ የኖሩበት መኪና ብዙ ነው።

ቴስታታ አስበስቶ ሁለተኛ ካንዴላ ማስጨመር የሚል ሐሳብ ከቀረበልዎ ይተዉት። የጥርሱ ውፍረት፣ የማቀዝቀዣው መተላለፊያና ታይሚንጉ አብረው ካልታሰቡ የሚያገኙት የተሰነጠቀ ቴስታታ ነው።

ማስላግ ሲባል ስንት?

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋበት ጉዳይ ይህ ስለሆነ በደንብ እንየው። ቴስታታ የሚላገው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ ሞተሩ ግሎ ቴስታታው ሲጣመም ለማስተካከል ነው፤ ይህ ግዴታ ነው። ሌላው ኮምፕሬሽን ለመጨመር ነው፤ ይህ ምርጫ ነው፣ ሒሳቡም ወረቀት ላይ ሊሠራ ይችላል።

የፕሮቦክሱ ሞተር አንዱ ሲሊንደር 374 ሲሲ ገደማ ነው፤ ኮምፕሬሽኑ 10.5 ነው። ስለዚህ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲሆን የሚቀረው ክፍል 39 ሲሲ ተኩል ያህል ነው። ክፍሉ የሲሊንደሩን አፍ ሙሉ ለሙሉ የሚሸፍን ከሆነ፣ ግማሽ ሚሊሜትር ሲላግ 2.2 ሲሲ ይጠፋል። ኮምፕሬሽኑ ከ10.5 ወደ 11 ይወጣል። ባለ 150 ሞተር ሳይክልን ይውሰዱ፦ ኮምፕሬሽኑ 9 ነው ቢባል፣ የሚቀረው ክፍል 18 ሲሲ ብቻ ነው፤ ያው ግማሽ ሚሊሜትር 1.2 ሲሲ ወስዶበት ወደ 9.6 ያደርሰዋል። ሞተሩ ባነሰ ቁጥር የአንድ ላጊ ስሕተት ይበዛል። «ትንሽ ነው የነካሁት» የሚል ቃል ለእርስዎ አይበቃም። ስንት ሚሊሜትር እንደተነሣ በመለኪያ ታይቶ ይነገርዎ።

ኮምፕሬሽን ሲጨምር ጉልበትና የነዳጅ ቁጠባ እንደሚጨምር እውነት ነው። ችግሩ የተጨመረው ግፊት ሩቅ ጥጉን ይበልጥ ማጋሉ ነው፤ ካንዴላው ከዳር በሚተኩስበት ሞተር ላይ ደግሞ ጥጉ ሩቅ ነው። ስለዚህ መላግን መቻል የሚወሰነው በቅርጹና በካንዴላው ቦታ ነው። ካንዴላው መሐል የሆነ ክፍል ጥቂት ይሸከማል፤ ካንዴላው ጎን የሆነና በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር በሞያሌ ሙቀት ላይ ምንም ትርፍ የለውም ብለው ቢያስቡ ይሻላል።

አሁን ወደ ሪካርዶ ስስ ክፍተት እንመለስ። ቴስታታ አብዝቶ ከተላገ በኋላ ሞተሩ ሲያንኳኳ፣ መፍትሔ ተብሎ ሁለት ጓርኒሲዮን ደርቦ ማሰር አለ። ኮምፕሬሽኑ እውነትም ይወርዳል። ነገር ግን አንድ ሚሊሜትር አካባቢ መሆን የነበረበት ስስ ክፍተት አብሮ ይሰፋል፤ ጋዙ ወደ ካንዴላው መወንጨፉን ያቆማል፣ እሳቱ ይንቀራፈፋል፣ ጥጉ ላይ የሚቀረው ጋዝ ይበዛል። ኮምፕሬሽኑ ዝቅ ብሎም ሞተሩ ማንኳኳቱን ሊቀጥል ይችላል፣ ጉልበቱም ይጠፋል። ኮምፕሬሽን መቀነስ ካለበት ትክክለኛው መንገድ የማቃጠያ ክፍሉን ራሱን ማስፋት ወይም የፋብሪካው የሆነ ወፈር ያለ ጓርኒሲዮን ማግኘት ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ ሌላ ቴስታታ መፈለግ ነው።

መለኪያው ውድ አይደለም። ከፋርማሲ የ20 ሚሊ ሊትር መርፌ ይግዙ። ቴስታታውን ገልብጠው ቫልቮላዎቹን ገጥመው፣ ካንዴላውን አስገብተው፣ ክፍሉን ትንሽ ቀዳዳ ባለው ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ይክደኑት፤ ጠርዙን ቅባት ይቀቡት። ከዚያ በመርፌው ኬሮሲን እየለኩ ያስገቡ። አራቱ ክፍሎች እኩል ካልሆኑ አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ቀድሞ ያንኳኳል፤ የሚበሳውም የእሱ ፒስተን ነው። ይህን አብሮዎት ለማድረግ ፈቃደኛ የሆነ መካኒክ (ፈንዲ) ካገኙ፣ የሚሠራው ሜዳ ላይ (ጁዋ ካሊ) ቢሆንም፣ ሥራውን ለእሱ ይስጡ።

ካንዴላ ሲመርጡ

አራት እግር ያለው ካንዴላ አራት ብልጭታ አያወጣም። ብልጭታው በአንድ ጊዜ በአንዱ እግር ብቻ ይዘላል፤ ጥቅሙ ዕድሜ ነው። ኢሪዲየም ጫፉ ቀጭን ስለሆነ በአነስተኛ ቮልት ይተኩሳል፣ ረጅም ጊዜም ይቆያል፤ ደህና የሆነን ሞተር ግን በተለይ አያጎለብተውም።

ይልቁንስ ርዝመቱን ይዩ። ከሚገባው ያጠረ ካንዴላ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀብሮ ስለሚተኩስ እሳቱ ከጅምሩ ይዘገያል። የረዘመ ደግሞ ጥርሱ ወደ ክፍሉ ወጥቶ ይግላል፣ አንዳንዴም ፒስተን ይመታዋል። ቀጥሎ የሙቀት ደረጃውን ይዩ። በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ይሆናል፤ በቦሽና በቻምፒዮን ተቃራኒው ነው። «ሰባቱን ስጠኝ» ብሎ መግዛት በአንዱ ስም ቀዝቃዛ፣ በሌላው ስም ሙቅ ካንዴላ ያስገባዎታል። ለረጅም የአስፋልት ጉዞ ከሙቁ ይልቅ ፋብሪካው የሚፈቅደው ቀዝቀዝ ያለው ይሻላል። አስመስለው የተሠሩ የታወቁ ስሞች ገበያ ላይ ስላሉ ዋጋው ካስገረመዎ አይግዙ።

ከደጋ ወርደው ከሆነ

ከአዲስ አበባ በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ አድርገው 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወርዱ አየሩ ይወፍራል። ሙቀቱ የሚቀንሰውን አስበን እንኳ ሞተሩ በእያንዳንዱ ዙር የሚያስገባው አየር ከ10 በመቶ በላይ ይጨምራል። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ይህን በራሱ ያስተካክላል። ካርቡራተርና ዲስትሪቢውተር ያለው የድሮ መኪና፣ እንዲሁም አብዛኛው ሞተር ሳይክል ግን አያስተካክልም። አዲስ አበባ ላይ ጉልበት እንዲያገኝ ቀድሞ እንዲተኩስ የተደረገ ታይሚንግ ሞያሌ ላይ ያንኳኳል፤ ለደጋ የቀጠነው የካርቡራተር ነዳጅም እዚህ ያንሳል፣ ያግላል። እንደደረሱ ታይሚንጉን ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ወደ ኋላ ማስመለስና ነዳጁን ማስተካከል ቴስታታ ከማስወረድ በፊት የሚሞከር ነገር ነው።

የኮምፕሬሽን መለኪያ ሲያነቡም ይህን ያስታውሱ። በባሕር ዳርቻ 12 ባር የሚያሳይ ደህና ሞተር እዚህ 10.5 ያህል፣ አዲስ አበባ ላይ 9 ያህል ያሳያል። ቁጥሩ ከመጽሐፉ አነሰ ተብሎ ሞተር የሚወርድበት ጊዜ አለ። ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ይዩ፤ ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ያኔ ይጠይቁ።

ቤንዚኑ

ኬንያ በ2018 (እ.ኤ.አ.) በኬሮሲን ላይ በሊትር 18 ሽልንግ ቀረጥ የጣለችው ከነዳጅ ጋር ስለሚቀላቀል ነው። ኬሮሲን የተቀላቀለበት ቤንዚን ማንኳኳትን የመቋቋም አቅሙ ይወድቃል፤ ጥጉ ቶሎ ይፈነዳል። ካንዴላው ከጎን የሆነ፣ የተላገና ካርቦን የያዘ ክፍል ይህን አይችልም። ካርቦኑ ራሱ ቦታ ስለሚይዝ ኮምፕሬሽን ይጨምራል፣ ፍም ሆኖም ካንዴላው ሳይተኩስ ሊለኩስ ይችላል። በጠርሙስና በጀሪካን ከሚሸጠው ሌላ አማራጭ የማያገኙ ከሆነ ኮምፕሬሽን መጨመርን ጨርሶ አያስቡት።

ናፍጣ ከሆነ

ላንድ ክሩዘርዎ ዋን-ኤችዜድ ሞተር ያለው ከሆነ ከላይ ያለው አብዛኛው አይመለከትዎም። የሚተኩስ ካንዴላ የለውም፤ ናፍጣው መጀመሪያ የሚቀጣጠለው ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ሲሆን እዚያ ያለው ጠዋት ለማስነሣት የሚያሞቅ ብቻ ነው። ያን ቴስታታ ማስላግ የራሱ ሕግ አለውና በቤንዚን ሞተር ልምድ አያስወስኑ።

ከመክፈልዎ በፊት

ያገለገለ ሲገዙ የኬንያን ሕግ ያስቡ፤ ከስምንት ዓመት በላይ የሆነው መኪና ከውጭ አይገባምና የመጀመሪያውን ሆንዳ ፊት የሚያገኙት አገር ውስጥ ብዙ ዓመት ከነዳው ሰው ነው። ከድንበሩ ወዲያ ደግሞ ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ከልክላለች። በእጅ ያለው የቤንዚን ሞተር በሁለቱም ወገን ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው የሚፈለግበት ጊዜ ነው፤ ቴስታታ ደግሞ አንዴ ከተላገ የተነሣው ብረት አይመለስም።

ሻጩ ከፈቀደ ሞተሩን ጭነት አስይዘው ከከተማው ወጣ ብለው በደንብ ይንዱት። ነዳጅ እንደተረገጠ ቆይተው፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን አይተው ሞተሩን ያጥፉና ዳር ይያዙ። እስኪበርድ ይጠብቁ፤ በጋለ የአሉሚኒየም ቴስታታ ላይ ካንዴላ መፍታት ጥርሱን ያወጣል። ከዚያ ሁሉንም ካንዴላዎች አውጥተው ነጩን ሸክላ በፀሐይ ይመልከቱ። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ደህና ነው። ጥቁርና ዘይት የነካው ከሆነ ፋሻው ወይም የቫልቮላ ጎማው ነው፤ በዋጋ ይደራደሩበት። ሸክላው ነጭ ሆኖ የሚያብለጨልጩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ካዩበት ግን እነዚያ ከፒስተኑ የተነሡ የአሉሚኒየም ፍንጣሪዎች ናቸው፤ ሞተሩ ሲያንኳኳ ኖሯል። ቁልፉን ይመልሱለት፣ ወይም የፒስተንና የቴስታታ ሙሉ ወጪ ከዋጋው እንዲቀነስ ይጠይቁ።